318 ሺህ የሄደች ኢ240 መርሴዲስ፤ ልያዛት ወይስ ልሽጣት? (ድሬዳዋ)

ከዚራ_ጥላ | ድሬዳዋ | ሰኞ ማታ

ሰላም ለቤቱ። ምክር ፈልጌ ነው፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

መኪናዋ መርሴዲስ ኢ240 ናት፣ በፈረንጅ የ2005 ምርት፣ ደብሊው211 የሚባለው ቦዲ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር 2.6፣ አውቶማቲክ። ቆጣሪዋ 318 ሺህ ላይ ነው። ኪሎዋ አልተነካም፤ የሰርቪስ ደብተሯ ከጀርመን ጀምሮ እጄ ላይ አለ። ቀረጥ የተከፈለባት፣ ሊብሬዋ በስሜ፣ ቦሎዋ የታደሰ። ሞተሯ ዘይት አይበላም፣ ካምቢዮዋ ማርሽ ሲቀይር አይመታም፣ ኤሲዋ የድሬን ሰኔ ትችላለች። (ሰኔ ላይ ድሬ ውስጥ መስኮት ከፍቶ የነዳ ሰው ይህቺ የመጨረሻዋ ስንት ብር እንደምታወጣ ያውቃል።)

ሥራዬ ድሬ ነው፣ እናቴ ሐረር ናት። ስለዚህ በመሃል ያለውን ጠመዝማዛ ዳገት፣ ደንገጎን፣ ዘወትር እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ።

አሁን ምን ተፈጠረ? አንደኛ፣ ጠዋት ሳስነሳት ዳሽቦርዱ ላይ «ሰርቪስ ብሬክ፣ ቪዚት ወርክሾፕ» የሚል ጽሑፍ ብቅ ማለት ጀምሯል። ፍሬኑ ይይዛል፣ እግሬ ላይ የተለየ ነገር አይሰማኝም። ያሳየሁት ጋራዥ «ሴንሰር ነው» ብሎ በስካነር አጠፋው፣ ተመልሶ መጣ። ሁለተኛ፣ አንድ ደላላ ለአዲስ አበባ ገዢ 2.4 ሚሊዮን ብር እሰጣለሁ ብሏል።

ባለቤቴ «ዛሬውኑ ስጠው» ትላለች። ወንድሜ ደግሞ «የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሏል፤ ከሸጥካት እንዲህ ያለች መኪና ዳግመኛ አትነዳም» ይላል። ሁለቱም እውነት ይመስሉኛል፣ ችግሩም እሱ ነው። ብሸጣት ወይ ቪትዝ ልገዛ ነው፣ ወይ ባንክ ለምኜ ኤሌክትሪክ። እናንተ ብትሆኑ?

ሳቢያን_ልጅ | ድሬዳዋ

አቦ ሽጣት! ይህ ደግሞ ምክር ያስፈልገዋል እንዴ? 300 ሺህ ያለፈ የጀርመን መኪና ነገ አንዱ ኮምፒውተሩ ቢቃጠል ያ 2.4 ሚሊዮን የለም። ከተማ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር 15 ሊትር እየጠጣች፣ ቤንዚን በሰልፍ እየተቀዳ፣ ምኑን ነው የምትይዘው? ቪትዝ ግዛና ተኛ። መለዋወጫው በየደጃፉ ነው፣ የማያውቀው ሜካኒክ የለም።

ጀጎል_አምስት_በር | ሐረር

ሳቢያን፣ ኪሎ ሜትር ኪሎ ሜትር አትበል እስቲ። እኛ ሐረሮች እኮ በፔጆ 404 ታክሲ ያደግን ሰዎች ነን። ፈረንሳይ ውስጥ 404 መሠራት የጀመረው በፈረንጅ በ1960 ነው፤ በ1975 ቆመ። የኛዎቹ ታክሲዎች ግን ከዚያ በኋላ ስንት አሥርት ዓመት ፈረስ መጋላና ሸዋ በር ላይ ሰው ሲጭኑ ኖሩ። ስንት መቶ ሺህ እንደሄዱ ማን ያውቃል? ቆጣሪያቸው ከሞተ የቆየ ነው።

ግን ከዚራ፣ ይህን ሰምተህ ደስ እንዳይልህ። 404ን ያኖረው ጥንካሬው ብቻ አልነበረም። ሰፈር ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ በካንዴላ ቁልፍና በቁራጭ ሽቦ ያስነሳው ነበር። ያንተዋን ማን ያውቃታል? እዚህ ድሬ ወይ ሐረር ውስጥ አንድ ሰው ጥራልኝና ያዛት እልሃለሁ። ደሞ ያንን የፍሬን ጽሑፍ ሳታስጣራ ደንገጎን እየወረድክ ነው? የጫት አይሱዙ ከኋላህ ጥሩምባ እየነፋ? ኧረ አንተ ሰውዬ።

መኪና_ከእኔ | አዲስ አበባ

እኔ በዚህ ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ (ለከዚራ ዋጋ የሰጠው ሌላ ነው፣ እኔ አይደለሁም)። ብዙ ሰው የማይገባው ነገር አለ። ይህቺ መኪና ውጭ አገር ብትሆን 318 ሺህ ኪሎ ሜትር ዋጋዋን ጨርሶ ይቀብረው ነበር። እዚህ ያልቀበረው በምክንያት ነው። የ2012ቱ የኤክሳይስ አዋጅ፣ ቁጥር 1186፣ ያገለገለ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለና አሮጌ መኪና ማስገባት አላዋጣ አለ። ከዚያ 2016 ላይ የነዳጅ የቤት መኪና ጭራሽ እንዳይገባ ተከለከለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ ብር በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ አገር ውስጥ ያለ ብረት ሁሉ ተወደደ። ስለዚህ 2.4 የተሰጠህ ለመርሴዲሷ ብቻ አይደለም፣ ሌላ ስለማይገባ ጭምር ነው።

ያም ሆኖ እኔ ብሆን እሸጣለሁ። ኤሌክትሪኩ ገበያውን እየሞላው ነው። ትልልቅ የነዳጅ መኪና ዛሬ ፈላጊ አለው፣ የነገውን እንጃ።

ቁልቢ_መንገደኛ | ድሬዳዋ

በኔ በኩል መልሱ ቀላል ነው። ሽጣትና ለገብርኤል በእግርህ ሂድ። ፍሬንም አያስፈልግህ፣ ስለትህም ይደርሳል 😄

ጋሽ_ካምቢዮ | ድሬዳዋ

ልጄ ከዚራ፣ ዕድሜዬን ጋራዥ ውስጥ የጨረስኩ ሰው ነኝ። መጀመሪያ ጥሩውን ልንገርህ።

ሞተርህ ኤም112 ይባላል። ታይሚንጉ በሰንሰለት ነው፤ «100 ሺህ ሞላ፣ ቺንጋ ቀይር» የሚባል ጣጣ የለበትም። ዘይቱን በጊዜው ካገኘ 318 ሺህ ለሱ ምንም ማለት አይደለም። ዘይቱ ወደ 8 ሊትር ይጠጋል፣ ርካሽ ዘይት አትስጠው። ለአንድ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ ስላለው በድምሩ 12 ነው፤ ካንዴላ የምትቀይር ቀን ኪስህ ይደነግጣል እንጂ ሌላ ጊዜ አያስቸግርህም። ሁለት ነገር ብቻ እይለት። ፊት ለፊት ቺንጋውን የሚያዞረው ትልቁ ፑሊ መሃሉ ላስቲክ ነው፤ በጊዜና በሙቀት ይሰነጠቃል። ሞተሩን አስነሳና ባትሪ አብርተህ ተመልከተው፤ እየተወላገደ ከዞረ ቶሎ ቀይረው፣ በራሱ ጊዜ ከወለቀ ብዙ ነገር ይዞ ይሄዳል። ሌላው የክራንክ ሴንሰር ነው። ሲሞቅ ይሞታል፣ ሲበርድ ይነሳል። ደንገጎ መሃል ድንገት ጠፍታብህ ትንሽ ቆይታ ምንም እንዳልሆነች ከተነሳች እሱ ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፤ አንድ ገዝተህ መኪናው ውስጥ አስቀምጥ።

ካምቢዮውም ባለ አምስት ማርሹ፣ ጠንካራው ነው። «ዘይቱ ዕድሜ ልክ ነው፣ አይቀየርም» የሚልህን አትስማ። በየ60 ሺህ ቀይርለት።

አሁን ወደ ፍሬኑ። «ሴንሰር ነው» ብሎ ያጠፋልህ ሰው ሌላ መኪና ያውቅ ይሆናል፣ ይህን ግን አያውቅም።

በሌላ መኪና ፔዳሉን ስትረግጥ ዘይቱን ወደ ጎማ የሚገፋው የራስህ እግር ነው፤ ሰርቮው ያግዝሃል። ባንተ መኪና ላይ እግርህ የሚልከው ትእዛዝ ብቻ ነው። ኮፈኑ ስር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ አለ፤ የፍሬኑን ዘይት በከፍተኛ ግፊት አጠራቅሞ ይጠብቃል፤ ለየትኛው ጎማ ስንት እንደሚሰጥ ኮምፒውተር ይወስናል። ኤስቢሲ ይሉታል። ጤነኛ ሲሆን እንደሱ ያለ ፍሬን ረግጬ አላውቅም። ሲያቆም ግን ፔዳሉ ወደ ታች ይሰምጣል፤ የሚይዙልህ የፊት ሁለት ጎማዎች ብቻ ናቸው፣ እነሱም ያለ ምንም እገዛ በእግርህ ጉልበት። ሜዳ ላይ ጠንክረህ ከረገጥክ መኪናው ይቆማል። ደንገጎ ላይ፣ ሙሉ ቤተሰብ ጭነህ፣ ከፊትህ ከባድ መኪና ቆሞ፣ ሌላ ነገር ነው።

ፓምፑ ደግሞ ይቆጥራል። ፍሬን ስንት ጊዜ እንደተያዘ ውስጡ ይመዘግባል፤ የተሠራው ወደ 300,000 ጊዜ ያህል እንዲያገለግል ነው። እዚያ ሲደርስ ያየኸውን ጽሑፍ ያወጣል። ስለዚህ መኪናህ ሁለት ቆጣሪ አላት። ደላላ የሚያየው አንዱን ነው፣ አንተም የጻፍክልን አንዱን ነው። የጀርመን አውራ ጎዳና ላይ 200 ሺህ የሄደ መኪና ፍሬኑን ያን ያህል አልነካም። ከለገሃሬ ሳቢያን ድረስ በባጃጅ መሃል የሚሄድ ግን እግሩ ከፍሬን አይነሳም። እዚህ የሄደችው ትንሹ ኪሎ ሜትር እዚያ ከሄደችው ትልቁ የበለጠ ፓምፑን በልቶት ይሆናል።

ፋብሪካውን ልወቅስ አይደለም። በፈረንጅ በ2004 እና በ2005 በዓለም ዙሪያ ይህ ፍሬን ያላቸውን መኪኖች ጠርተው አይተዋል፤ 2006 አጋማሽ ላይ ኢ ክላስን ሲያድሱ ደግሞ ትተውት ወደ ተለመደው ፍሬን ተመልሰዋል። 20 ዓመት የሠራ ፓምፕ ማንም ይሥራው ማን ይደክመዋል።

እንግዲህ ይህን አድርግ። ለዚህ መኪና የሚሆን ስካነር ያለው ሰው ፈልግና ኮዱን አስነብብ። ሲ249ኤፍ ካለህ የፓምፑ ዕድሜ ሞልቷል ማለት ነው። ኮፈኑ ስር ያለችውንም ትንሽ ባትሪ አስለካ። ዋናው ባትሪ ከኋላ ሻንጣ ውስጥ ነው፤ ትንሿ ለፍሬኑ መጠባበቂያ ናት፣ የሚያያት ስለሌለ ሞታ ትቀመጣለች። የፍሬን ዘይት ከተቀየረ ሁለት ዓመት ካለፈው ቀይረው፤ ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላል። ይህ ሁሉ እስኪሆን ደንገጎን በሷ አትውረድ። ሚኒባስ አለ።

ለወጣት ሜካኒኮችም አንድ ነገር። ይህ መኪና በሩ ሲከፈት ፓምፑ ራሱን ሊፈትሽ ይነሳል፣ ፒስተኖቹንም ይገፋል። በስካነር ሳታስተኙት የፍሬን ሸራ ለመቀየር እጃችሁን ከከተታችሁ ጣት ይሄዳል። ቀልድ አይደለም።

ከዚራ_ጥላ | ድሬዳዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ሁለተኛውን ቆጣሪ ዛሬ ነው የሰማሁት። ሚኒባሱን ተቀብያለሁ፤ ባለቤቴም ይህን አንብባ ቁልፉን ወስዳዋለች።

አንድ ልጠይቅዎት። ፍሬኑ ከተስተካከለ በኋላ ስወርድ እስካሁን በዲ ነበር የምወርደው። ልክ ነው?

ጋሽ_ካምቢዮ | ድሬዳዋ

አይደለም። በዲ ከወረድክ ሸራው ብቻ ነው የሚሠራው። የማርሹን ዘንግ ወደ ግራ ነካ ስታደርገው አንድ አንድ ይወርዳል። ጠመዝማዛው ሳይጀምር 3 ላይ አድርሰው፣ ጠበቅ ሲል 2። በከባድ ማርሽ ውረድ፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ይጩህ። ለዚያ ነው የተሠራው። ፍሬኑን አልፎ አልፎ ጠንከር አድርገህ ያዝና ልቀቀው፤ እግርህን አስደግፈህበት አትውረድ።

ጸጥ_ያለ_ሞተር | ሐረር

ከዚራ ኤሌክትሪክ ያልከውን ሰው ሁሉ ዘሎት አለፈ፣ እኔ ልመልስ። ኤሌክትሪክ ነው የምነዳው፣ መንገዴም ያንተው መንገድ ነው።

ድሬ ከባሕር ወለል ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት። ደንገጎን ጨርሰህ ሐረማያ አካባቢ ስትደርስ ወደ 2,000 ሜትር ነው። 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና 800 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ የመንገዱ ፍጆታ ሌላ ነው። ሲሄዱ መቶኛው በፍጥነት ሲወርድ ጀማሪ ሰው ይደነግጣል። ስትመለስ ግን ሞተሩ ዲናሞ ይሆንና ከዚያ ጥሩ ድርሻውን ይመልስልሃል። ደንገጎን ስወርድ ፍሬን የምነካው አልፎ አልፎ ነው፣ ሸራዬም አያልቅም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሐረር ላይ ባትሪውን ጢም አድርገህ አትሙላ። የሞላ ባትሪ ተጨማሪ አይቀበልም፣ ሞተሩም አይይዝልህም።

መጥፎውን ልንገርህ። ድሬ ትሞቃለች፣ ሙቀት ባትሪ ያስረጃል። ከገዛህ የፎስፌት ባትሪ ያለውን ፈልግ፣ ሙቀት የተሻለ ይችላል፤ የምታቆመውም ጥላ ስር ይሁን። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆንክ ሌሊት ሙሉ እሰካለሁ ብለህ አትተማመን። በ2.4 ሚሊዮን ደግሞ የምትመኘውን አታገኝም። ትጨምራለህ፣ ብዙ ትጨምራለህ።

ሱማሌ_ተራ_ሰው | አዲስ አበባ

ጋሽ ካምቢዮ ልጁን አስፈራሩት። ፓምፑ እኮ ይገኛል። ከተገጨ መኪና የወጣ ስልባጅ ሱማሌ ተራ ሲፈለግ ይገኛል። ካልሆነም ቆጣሪውን ዜሮ የሚያደርግ ልጅ አለ፤ ላፕቶፑን ሰክቶ ይጨርሰዋል። ውጭ አገርም ሰው ያደርገዋል፣ ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ዓመታት ነድተዋል። ፋብሪካው 300 ሺህ ያለው ለጥንቃቄ ነው።

ጋሽ_ካምቢዮ | ድሬዳዋ

አንተ የሱማሌ ተራ ሰው፣ ያልከው እንዳለ አውቃለሁ። ሰዎች ያደርጉታል፣ መኪናውም ይሄዳል። ግን ዜሮ የሆነው ምንድን ነው? ቁጥሩ ነው። የፓምፑ ሞተር ካርቦን እንዳለቀ ነው፤ ግፊቱን የሚያጠራቅመው ዕቃ ውስጥ ያለው ጋዝም እንደቀነሰ ነው። አጥፍተህ የሰጠኸው ማስጠንቀቂያውን ብቻ ነው። ስልባጁም ያው ነው። ከምን ያህል መኪና ላይ እንደወረደ አይታወቅ፣ የራሱን ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ካላስነበብከው ደግሞ 290 ሺህ የቆጠረ ገዝተህ ትገባለህ።

ሜዳ ላይ፣ አዳማ ውስጥ የሚኖር ሰው ቢሆን ልከራከርህ እችል ነበር። ደንገጎን ለሚወርድ ሰው አልከራከርም።

ሱማሌ_ተራ_ሰው | አዲስ አበባ

እሺ ጋሼ፣ ስልባጅ ከመግዛቱ በፊት ይነበብ የሚለውን እቀበላለሁ። ዜሮ ማድረጉ ላይ ግን አልስማማም። ሁሉም ሰው ከአውሮፓ የሚያመጣለት ዘመድ የለውም።

ሳቢያን_ልጅ | ድሬዳዋ

እኔ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ሽጣት ያልኩት ትክክል እንደነበር ነው። አቦ፣ ጣት የሚቆርጥ ፍሬን! ቪትዝ ወንድሜ፣ ቪትዝ።

ከዚራ_ጥላ | ድሬዳዋ | ከሳምንታት በኋላ

ውጤቱን ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው በውስጥ ጠይቆኛል።

ትክክለኛው ስካነር ያለው ልጅ እዚሁ ድሬ ተገኘ፣ ቤት ድረስ መጣ። ኮዱ ጋሼ ያሉት ሆነ፣ ሲ249ኤፍ። ትንሿ ባትሪ ሞታለች። ፑሊው ደህና ነው፣ አንድም መወላገድ የለው። የካምቢዮ ዘይት ጠቁሯል፣ አስቀይሬዋለሁ። ከሞተሩ በኩል ልጁ ያገኘው ነገር የቫልቭ ክዳኑ ላይ ትንሽ የዘይት ላብ ብቻ ነው።

ፓምፑን በተመለከተ፣ አውሮፓ ውስጥ ሞተሩ ተቀይሮ ታድሶ የሚሸጥ አለ፤ የተባልኩት 700 ዩሮ ነው። ዘመዴ ለገና ስትመጣ በሻንጣ ታመጣልኛለች። እዚህ መግጠሙ ከባድ አይደለም፤ አየር የሚወጣለት ግን በስካነር ነው፣ ያም ልጅ አውቀዋለሁ ብሏል።

ለደላላውም እውነቱን ነገርኩት፦ ፓምፑ ዕድሜው ሞልቷል፣ ገዢው ይወቅ አልኩት። «ኮዱን አጥፍተን እናስረክብ፣ ሰውየው አዲስ አበባ ነው፣ ደንገጎ የለበትም» አለኝ። አይሆንም ስለው ወደ 2.1 ወረደ።

ጀጎል_አምስት_በር | ሐረር

አዲስ አበባ እንጦጦ የለም እንዴ? ሰውየውስ ለገና ላሊበላ፣ ለክረምት ሐዋሳ አይሄድም? ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እንዲህ ባለው ደላላ ነው። ከዚራ ደግ አደረግክ።

መኪና_ከእኔ | አዲስ አበባ

ሁሉንም ደላላ አንድ ላይ አትጨፍልቁን እንጂ። እኔ ብሆን ችግሩን ለገዢው እነግረዋለሁ፤ ከሸጥኩ በኋላ በየቀኑ ከሚደወልልኝ ይሻለኛል። ግን ልብ በል ከዚራ፣ 2.1 መጥፎ ዋጋ አይደለም። ፓምፑን አስገጥመህ ደረሰኙን ይዘህ ብትመጣ ከ2.4ም ያልፋል፣ ምክንያቱም የሚያውቅ ገዢ ለዚህ ሞዴል መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፍሬኑ ነው። የማያውቀውም አዋቂ ሜካኒክ ይዞ ይመጣል።

ከዚራ_ጥላ | ድሬዳዋ

ወደዚያው ነው ያደላሁት። ባለቤቴና እኔ ቁጭ ብለን አሰብነው።

በ2.1 ሸጬ የምገዛው ቪትዝ ራሱ የ20 ዓመት መኪና ነው። አየሁ፣ ጠየቅኩ። ሰርቪስ ደብተር ያለው አንድም አላገኘሁም፣ ኪሎው ሁሉ ደግሞ በሚገርም ሁኔታ 140 ሺህ ላይ ቆሟል። በቤንዚን ይሻላል፣ አልክድም፤ ግን እናቴን፣ ልጆቹንና ሻንጣውን ጭኖ ደንገጎን ሲወጣ የሚያወጣውን ድምፅ ሰምቻለሁ። ለኔ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ኤሌክትሪኩ ልቤን ወስዶታል፣ ጸጥ ያለው ሞተር የጻፈውን ለባለቤቴ አንብቤላታለሁ፤ የባንኩን ወለድ ስናየው ግን ለዘንድሮ ተውነው።

ስለዚህ ትቆያለች። ፓምፑ እስኪመጣ ከድሬ ሜዳ አትወጣም፣ ከተማ ውስጥም በዝግታ። ከተገጠመ በኋላ ደንገጎን በ3 እና በ2። የተስማማነው ገደብ ደግሞ ይህ ነው፦ ሞተር ወይም ካምቢዮ መክፈት የሚጠይቅ ብልሽት ከመጣ ሳንጠግን፣ ያለችበትን ነግረን እንሸጣታለን። የሚቀየር ዕቃ እቀይራለሁ፣ የሚከፈት ነገር አላስከፍትም።

ጋሽ_ካምቢዮ | ድሬዳዋ

ገደቡ ጥሩ ነው። ፓምፑ ሲመጣ ከመግጠማችሁ በፊት ቁጥሩን አስነብቡት፤ ታድሷል ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ አልታደሰም። ለትንሿ ባትሪ ግን ገናን አትጠብቅ፣ ነገ ቀይራት።

ጸጥ_ያለ_ሞተር | ሐረር

ባንኩ ሲቀና ና፣ ሐረር ደርሰን እንመለሳለን፣ አንተ ትነዳለህ።

ሳቢያን_ልጅ | ድሬዳዋ

አቦ እንግዲህ አልሰማ ካልክ ምን አደርጋለሁ። የጎማዋ ልክ 225/55 አር16 ከሆነ አንድ ዘመዴ አራት ጎማ አለው፣ ብዙም አልተነዳባቸውም። ዋጋ በውስጥ።

ከዚራ_ጥላ | ድሬዳዋ

ልኩ እሱ ነው። የተመረቱበትን ዓመት ከጎናቸው አንብበህ ላክልኝ፣ ከአምስት ዓመት በላይ ከሆኑ ግን አልፈልግም።